«ግለሰቡ» አባቴ ነው

ስሙን ለማልጠራው ቢሮ
ደሴ

ጉዳዩ፦ አንዲት የወታደር መታወቂያ ካርድ ፈልጋችሁ እንድትመልሱልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። የቢሮውን ስም አልጽፍም። አባቴ ስም ጠርቶ ሰው ማዋረድ አይወድም ነበር፣ እናንተም ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ነገሩን አደባባይ ያወጣሁት በመስኮት በኩል ስላልተሰማሁ ነው። 5 ጊዜ መጣሁ። ሁለቴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ አንዴ መብራት አልነበረም፣ አንዴ መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ወሊድ ወጥታለች ተባልኩ፣ አንዴ ደግሞ «ነገ ተመለሽ» ተብዬ ነገው ቅዳሜ ሆኖ ተገኘ።

በመጨረሻ ግን ጻፋችሁልኝ። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ፍሬ ነገሩ አንድ መስመር ነው፦ «የግለሰቡ ማስረጃ በማኅደራችን ውስጥ አልተገኘም።» ደብዳቤው እጄ የገባው አባቴ በተቀበረ በ16ኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ተነሥቷል እንጂ ለቅሶ ደራሽ ገና አልተቋረጠም፣ ቡና እየተፈላ ነበር። ወንድሜ ጮክ ብሎ አነበበውና «ግለሰቡ ማነው?» አለ። አልፈርድበትም። ቤታችን ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ ግለሰቡን ላስተዋውቃችሁ።

ሰፈሩ «ሃምሳለቃ» ነው የሚለው። ትውልዱ አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ካለ ገጠር። ያ በ1881 ምኒልክና ጣሊያን የተዋዋሉበት ይስማ ንጉሥ ከእነሱ መንደር ሩቅ አይደለም። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ሆኖ ጉዳዩ አድዋ ድረስ መሄዱን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ አባቴ ግን የጎረቤት ጠብ ይመስል ነበር የሚያወራው። «እኔ አንድ ወረቀት ሁለት መንግሥት ያዋጋበት አገር ልጅ ነኝ፣ ወረቀት አልጥልም» ይላል። እውነትም አይጥልም። የመብራት ደረሰኝ፣ የእኔ የአንደኛ ክፍል ካርድ፣ ከሞተች ስንት ዓመት የሆናት ላም የክትባት ወረቀት ሳይቀር በአንድ የወተት ጣሳ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል።

በ1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባና የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ወይም ሃያ አንድ፤ የተወለደበትን ቀን የጻፈለት ሰው የለም። ከመንደሩ ልጆች ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ገበሬ ሆኖ ሄደ፣ በጥቂት ወር ወታደር ሆነ፣ ወደ ምሥራቅ ተላከ። ጂጂጋ በመስከረም 1970 ተይዛ ነበር። የካቲት 26 ቀን ካራማራ ተሰብሮ እስክትመለስ ድረስ እዚያው ነው የከረመው፣ ግራ ጆሮውንም እዚያው ጥሎት መጣ። መድፍ አጠገቡ ተተኩሶ ነው። የጠላት እንዳይመስላችሁ፣ የራሳችን መድፍ ነው። ይሄን ሲያወራ ይስቅ ነበር። አብረውን ስለተዋጉት ኩባዎችም ይስቃል፤ «ቡና በስኳር ሳይሆን ስኳር በቡና ነው የሚጠጡት» ይላል። ስለ ሞቱት ግን ትንፍሽ አይልም። የካቲት 26 በመጣ ቁጥር የድሮ ካፖርቱን ለብሶ ደጅ ይቀመጣል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ይነሣል። በዓሉ ይኸው ነው። ሰልፍ የለ፣ ንግግር የለ።

እኛ ልጆቹ ቀኝ ጎኑን እየተሻማን ነው ያደግነው። ወሬ ያለው በቀኝ ይቀመጣል፣ ጥፋት ያለበት በግራ። በግራ በኩል እየተንሾካሾክን ያሴርነውን ሁሉ እንዴት እንደሚያውቀው እስከዛሬ አልገባኝም። እህቴ ነጋሪዋ እማዬ ናት ትላለች።

ከካራማራ በኋላ ወደ ሰሜን አዞሩት። የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነበር፣ ናቅፋ ግንባር ምሽግ ውስጥ ኖሯል። በ1975 በፈቃድ መጥቶ እናቴን ከሐይቅ አገባ። የእናቴ አባት ሼህ ናቸው፣ የአባቴ አጎት ቄስ፤ ለወሎ ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም፣ አልፈዋለሁ። 20 ቀን አብሯት ቆየና ወደ ግንባር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ፣ አንድ ሌላ ፈቃድ ሲቀር፣ ትዳራቸው በደብዳቤ ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ የጎረቤት ተማሪ ይጽፍላታል፣ ደብዳቤው ወደ አስመራ በሚሄድ ሰው እጅ ይሄዳል፣ ሲደርስ ይደርሳል።

እኔ የተወለድኩት በ1979 ነው። አባቴን ያየሁት 4 ዓመት ሲሞላኝ ነው። ግንቦት 1983 አስመራ ነበር፤ ጦሩ ሲበተን በእግሩ ተነሣ። መንገዱን እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር፦ ሰንዓፈ፣ አዲግራት፣ መቀሌ፣ ማይጨው፣ ኮረም፣ አላማጣ፣ ቆቦ፣ ወልድያ፣ መርሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ። ስንት ቀን ፈጀብህ ሲባል «ጫማዬ ማይጨው ላይ አለቀ» ነው መልሱ። ትጥቁን አስረክቧል፣ ሰዓቱን በሁለት እንጀራ ለውጧል። መታወቂያውን ግን በካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶት ነበር። በዚያ ሰዓት የወታደር መታወቂያ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፣ ጓደኞቹም እየቀደዱ መንገድ ላይ ጥለዋል። እሱ አልጣለም።

እንደደረሰ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ጺሙ ደረቱ የደረሰ ሰው በር ላይ ቆሞ አየሁና አልጋ ሥር ገባሁ። ተንበርክኮ «ነይ ሁለተኛዬ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ሁለተኛዬ ሆነ። የበኩር ልጅ ነኝ፣ ታናናሾቼ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ አንደኛ ስለሆነች ነው የሚለኝ ብዬ አምን ነበር።

የኋላውን ታሪክ አላስረዝመውም። እንደ ጓደኞቹ ተሐድሶ ካምፕ ገባ፣ ወጣ። ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ሆነ። «የደርግ ወታደር» ሲሉት አይጮኽም፣ አይሳደብም፤ «ደርግ ማለት እነዚያ አዲስ አበባ የነበሩት ናቸው፣ እኔ የኢትዮጵያ ወታደር ነኝ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጥሩ ሰው ነበር ብዬ ብቻ ደግሞ አልዘጋውም። በ1991 የቀድሞ ወታደሮች ይፈለጋሉ ሲባል ማንንም ሳያማክር ሄዶ ተመዘገበ። ሦስት ልጅ ያለው ሰው! በጆሮው ምክንያት መለሱት። እናቴ 15 ቀን አላናገረችውም። እሱም ተቀይሞ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን አልገባንም፤ በጆሮው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ስለ እንጀራው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አባቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጦርነቱ አይደለም። በ1995 እናቴ ታማ ሁለት ወር ተኛች። እኔ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። ጎረቤት ሁለት ሳምንት ጋገረልን፣ ከዚያ አባቴ «በቃ፣ ሰው አናስቸግር» አለና ቡኮውን ራሱ አነሣው። የመጀመሪያው ቀን አብሲቱን አቃጠለ። የመጀመሪያው እንጀራ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ በቢላ ነው የተነሣው። ሁለተኛው ተቀደደ። ሦስተኛው ዓይን የሚባል ነገር የለውም፣ ልሙጥ፣ እንደ ጎማ። ሰፌዱ ላይ ዘርግቶ በቁም ነገር ካየው በኋላ «ይሄ ለዶሮ» አለ። ዶሮዋም ዞር ብላ ሄደች። በሳምንቱ ግን ዓይን አወጣለት። ከሌሊት ዘበኝነቱ ተመልሶ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ጭሱ ዓይኑን እያስለቀሰው አክንባሎውን ያነሣል፣ በዚያ ሁሉ መሀል እናቴን ከአልጋዋ «አሁን ይነሣ?» እያለ ይጠይቃታል። ሴቶቹ አጥር ተንጠልጥለው ያዩት ነበር። አንዷ «ኸረ ሃምሳለቃ፣ ነውር አይደለም?» ስትለው «ነውሩ ልጅ ጦሙን ሲያድር ነው» አላት። ቀና እንኳ አላለም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ድናም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጋግረው እሱ ሆነ።

ደግሞ ጫማው አለ። ልጅ ሆነን ማታ ማታ የሁላችንንም ኮንጎ ጫማ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በሩ ሥር ይደረድራል፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ። ለምን ሲባል «ሌሊት ማን እንደሚጠራ አይታወቅም» ይላል። ስቀንበታል። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠራንም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ግን ሌሊት ተጠራን። የልጅ ልጆቹ ጫማ ሳይቀር አፍንጫው ወደ በር ዞሮ ተደርድሮ ነበር፣ በጨለማ ማንም ጫማ አልፈለገም። በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ አድርገን ደብረ ብርሃን ገባን።

ከቤት ስንወጣ አባቴ ወደ ጓሮ ሄዶ ቆየብን። ወንድሜ ተናደደ፣ መኪናው ሊሄድ ነው። ለካ የወተት ጣሳውን ጌሾው ሥር እየቀበረ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ምጣዱ እንኳ ተሰብሯል። አባቴ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ጌሾው ሄደ። ጣሳው አለ! ውኃ ገብቶበት ነበር፣ ወረቀቶቹን እናቴ የማሽላ ማስጫ ላይ ዘርግታ ፀሐይ አሞቀቻቸው። እኔ እያገላበጥኩ ሳደርቅ መታወቂያው እጄ ገባ። ፊት ለፊቱን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጎፈሬ ያለው፣ ጺም ያላበቀለ፣ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ የቀጠነ ልጅ። ጀርባውን አይቼው አላውቅም ነበር። በእርሳስ ተጽፎበታል፣ በአባቴ ጎርበጥባጣ ጽሕፈት፦

ወንድ። ጥቅምት 1976።
አረፈ። 1977።
ሴት። መጋቢት 1979።

ሦስተኛዋ መስመር እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ግን አላውቀውም።

እናቴ እዚያው ማስጫው አጠገብ ተቀምጣ ነገረችኝ። ወንድም ነበረኝ። በ77 ድርቅ ጊዜ አዝላው ከሐይቅ በእግሯ ባቲ መጠለያ ድረስ ወረደች። እህል ነበር፣ ሐኪምም ነበር፣ እሱ ግን ተቅማጡን አልቻለውም። ባቲ ተቀበረ፣ ከብዙ ሰው ጋር፣ ቦታው አይታወቅም። እናቴ ባቲ ለምን እንደማትሄድ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰኞ ገበያው በወሎ የታወቀ ነው፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይወርዳል፣ እሷ አንድም ቀን ወርዳ አታውቅም፤ ሙቀቱ አይስማማኝም ነበር የምትለን። መርዶው አባቴ ዘንድ ምሽግ ውስጥ የደረሰው ከ4 ወር በኋላ ነው። «ኮቾሮ እየበላሁ ነበር» አለ አባቴ ከኋላችን፤ ኮቾሮ የወታደር ደረቅ ዳቦ ነው። በቀኝ በኩል ነበርን፣ ሰምቶናል። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ታናናሾቼ ለምን አልተጻፉም ብዬ በኋላ ጠየቅሁት። «እነሱን በዓይኔ አየኋቸው፣ ምን ይጻፋል» አለኝ።

ያ ልጅ የክርስትና ወረቀት የለው፣ ፎቶ የለው፣ መቃብር የለው። በዚህ ዓለም መኖሩን የሚናገር አንዲት የእርሳስ መስመር ናት። እሷም ያለችው እናንተ ዘንድ ነው።

ሰኔ 2016 ላይ ማስረጃ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ቀርበው ይመዝገቡ የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ ተወራ። አባቴ አልፈለገም። «47 ዓመት ያልጠየቁኝን አሁን ምን አስታወሳቸው» አለ። የገፋፋሁት እኔ ነኝ። መስኮታችሁ ላይ የነበረው ልጅ ትሑት ነው፣ አልዋሽበትም፣ «አባባ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሁሉ አምጥቶለታል። ካርዱን ፊት ለፊቱን ብቻ ኮፒ አደረገና ኮፒውን ለእኛ ሰጥቶ «ኦሪጅናሉ ለማጣራት ይቀመጥ» አለ። አባቴ ካርዱን አለቀቀም። በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «አባ፣ ስጣቸው እንጂ፣ መንግሥት ቤት አይጠፋም» አልኩት። ለቀቀ።

ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ወረቀት አልጥልም የሚል ሰው ልጅ ሆኜ ደረሰኝ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መታወቂያዋ ከአስመራ በእግር መጥታ አልጠፋችም፣ ሁለት ወር ጭቃ ውስጥ ተቀብራ አልጠፋችም፣ እናንተ ዘንድ መደርደሪያ ላይ ነው የጠፋችው። አባቴ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ከሥራ ስገባ «ወረቀቷ መጣች?» ይለኝ ነበር። «ነገ ይሰጡናል» እለዋለሁ። ከእናንተ የተማርኩት ቃል ነው።

ጥር 2017 አረፈ። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው፣ አሳምሮ ቀበረው፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ያው እስላም ክርስቲያን ሳይል የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ ሦስቱ ቅዳሜ የጋገረውን እንጀራ በልተው ያደጉ ናቸው። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ቤት ስንገባ እናቴ ጫማውን አፍንጫውን ወደ በር አዙራ አስቀምጣው አገኘናት። ማንም አላነሣውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ገንዘብ አልጠየቅሁም። ምዝገባውንም ተዉት፣ የሚመዘገበው ሰው የለም። የምፈልገው ካርዷን ነው። መዳፍ አታክልም፣ ቡናማ ናት፣ አንዱ ጠርዟ ውኃ በልቶት ተጨማድዷል፣ መሀሏ ላይ በስኮች ተጠግናለች። ጀርባዋን ስታዩ ታውቋታላችሁ። በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ገብታ ይሆናል፤ የእሱ ስም የሚጀምርበት ፊደል ያለበትን መደርደሪያ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም እዩልኝ፣ ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ሲቀያየሩ ስንት ሰው እንደሚጠፋ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከጠረጴዛ ጀርባ ወድቃ ይሆናል። ያ ትሑት ልጅ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ተብያለሁ፤ እባካችሁ ደውላችሁ ጠይቁት፣ አትቆጡት፣ የት እንዳስቀመጣት ብቻ ይንገረን። ማን አጠፋት የሚል ክስ የለኝም። ክስ ይመሥረት ከተባለ እንኳ መጀመሪያ የምቀርበው እኔ ነኝ።

የደሴ ሰው፣ አንተም ስማኝማ። የቢሮ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ተሽጦ ሱቅ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስኳርና በርበሬ የምንጠቀልልበት እሱ ነው። ሰኞ ገበያ፣ አራዳ፣ ፒያሳ ያላችሁ ባለሱቆች፣ ከምትቀድዱት ወረቀት መሀል ጎፈሬ ያለው ወታደር ብቅ ካለ እባካችሁ አትጠቅልሉበት። ሃምሳለቃ ቤት ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። ቡና ይፈላል። እንጀራው ግን እንደ እሱ አይሆንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ እየሞከረ ነው።

የላካችሁልኝን ደብዳቤ ጣሳው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ከላሟ የክትባት ወረቀት ጋር። በሚቀጥለው ሰኞ በ3 ሰዓት እመጣለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ሁለተኛ ልጁ
ደሴ

ግልባጭ፦
ለእናቴ። አንብቤላታለሁ። «ምነው አልተቆጣሽም?» አለችኝ።